በቀንድ ጫፍ የቆመ እሳት

ቤተሰባችን ውስጥ አንድ ትእዛዝ አለ፦ ሰማዩ ሲያጉረመርም ብርሃን ካየህ፣ አንካሴህን ጥለህ ተኛ። ትእዛዙን የተዉልን የዋድላው ቅድመ አያቴ ናቸው። ከገሸና ገበያ ወደ ኮን ሲመለሱ መሸባቸው፤ ደመናው ሜዳው ላይ ተጫነ። ያኔ በሚነዷቸው በሬዎች ቀንድና በአንካሴያቸው ጫፍ ላይ እሳት ቆመ። ዘመዱ እስከ ዛሬ ግማሹ መልአክ፣ ግማሹ ጋኔን ይላል።

ኮን ሄጄ የአባቴን አክስት ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ እሳቱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ምኑ እሳት ነው ልጄ! ሰማያዊ ነው አሉ እንጂ። ቅቤ ሲነጠር እንደሚለው ሽሽሽ ይል ነበር። እጃቸውን ነዘራቸው እንጂ አልፈጃቸውም።»

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ኮከብ ነው እንዳይባል፣ አጥቢያ ኮከብ ቀንድ ላይ አይቆምም፤ ተወርዋሪ ኮከብም ሽው ብሎ ያልፋል። ይኸኛው መርከበኞች በምሰሶ ጫፍ እያዩ «የቅዱስ ኤልሞ እሳት» ያሉት ነው። ነጎድጓዳማ ደመና ሲያንዣብብ በደመናውና በመሬት መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል በሾለ ነገር ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። እዚያ ያለው አየር ኤሌክትሮኑን ይለቅና ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ሆኖ ያበራል።

ለዚህ ደግሞ ዋድላ የተመቸ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ወደ መቅደላ ያስጎተቱበት ገላጣ አምባ ነው፤ ሜዳው ላይ ከሰውና ከበሬ ሌላ ቀና ያለ ነገር ብዙም አይታይም። ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ቶሎ ያበራል።

አንድ አጎቴ ግን «ኳስ ሆኖ ተንከባለለ» ይላሉ። የኳስ መብረቅ የሚባል አለ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የቻይና ተመራማሪዎች የአንዱን ብርሃን መርምረው የአፈር ንጥረ ነገሮችን፣ ሲሊከን፣ ብረትና ካልሲየም አግኝተውበታል። የአጎቴ ኳስ ግን በእማማ ወሬ ውስጥ የለም፤ ከጠላ ጋር የተጨመረ ይመስለኛል።

የቅድመ አያቴ ትእዛዝ ግማሹ ትክክል ነው። ያ ብርሃን መብረቅ ሊወድቅ መሆኑን ሊያመለክት ይችላልና አንካሴውን መጣል ይገባል። መተኛቱ ግን አይበጅም፤ መብረቅ ሲወድቅ በመሬትም ውስጥ ይሄዳል። እረኞች ካላችሁ ንገሯቸው፦ ከጉብታው ይውረዱ፣ ከዛፍ ሥር አይጠለሉ፣ ቤት ወይም መኪና ካለ ይግቡ፤ ከሌለ እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ።