ከጩኸቱ ጋር የተቀዳ ዘፈን

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም የምረቃ ዝግጅት በፖሊስ ተከለከለ። ለዘመን መለወጫ ታስቦ የነበረው ኮንሰርትም ሳይካሄድ ቀረ። በጥር 2010 ባሕር ዳር ላይ መድረክ ሲያገኝ ግን ዘፈኑን ያዳመጠው ስታዲየም የገባው ሰው ብቻ አልነበረም። በየኪሱ ስልክ ነበር። ያ ምሽት በየስልኩ ተቆራርጦ አገር ለአገር ዞረ።

ከዞረባቸው ቦታዎች አንዷ ቀይ አፈር ናት። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። እዚያ ስልክ የሚጠግን፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ወጣት አለ። ሥራው ለሰው ዘፈን መጫን ነው። ለራሱ የሚሰበስበው ግን ሌላ ነው፤ በአልበም ያልወጣውን፣ ተመልካች ከመድረክ ፊት ቆሞ የቀዳውን የቴዲን ድምፅ።

ሰው ይገርመዋል። «ንጹሑ ዘፈን እያለ ይሄን ጩኸት ምን ያደርግልሃል?» ይሉታል። እውነትም ጩኸት ነው። የስልክ ማይክ የትልቅ ስፒከር ቤዝ አይችልም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከቀጂው አጠገብ የቆመው ሰው ከዘፋኙ በላይ ይዘፍናል። ዋናው ግጥም ላይ ሲደርስ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጥና ምስሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

ልጁ የሚፈልገው ግን በትክክል እሱን ነው። አልበም ዘፋኙ ምን እንዳለ ይነግራል። የተመልካች ቅጂ ደግሞ ሕዝቡ ምን እንደመለሰ ይነግራል። የትኛው ስንኝ ላይ ሰው እንደጮኸ፣ የትኛው ላይ ዝም እንዳለ፣ ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር ሕዝቡ ስንት መስመር በቃሉ እንደወጣ። የአገር ስሜት የሚለካበት መሣሪያ በጠፋበት ዘመን ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ለኮንሰርት ፈቃድ ማግኘት ራሱ ዜና በሆነበት አገር ደግሞ እያንዳንዱ ምሽት የማይደገም ሊሆን ይችላል።

አሰባሰቡ የራሱ ሙያ አለው። አንድ ቪዲዮ በሜሴንጀር በተላከ ቁጥር እየተጨመቀ ጥራቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ልጁ «በፋይል ላክልኝ» ብሎ ይለምናል። አንድ ዓይነት ቅጂ በሦስት ስም ይመጣለታል፤ አንዱ የባሕር ዳር ይለዋል፣ ሌላው የአዲስ አበባ፣ ሦስተኛው የአሜሪካ። እሱ አንዱን ከአንዱ የሚለየው በጩኸቱ ነው። ሁለት ፋይል ላይ ያው ሴት በያው ቦታ እልል ካለች ቅጂው አንድ ነው ማለት ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደላከው በደብተር ይጽፋል። ስልክ ይሰረቃል፣ ሚሞሪ ይቃጠላል፣ ደብተሩ ግን ይቀራል ባይ ነው።

ይህ ሱስ የእኛ ብቻ አይደለም። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ አድናቂዎቹ ኮንሰርቱን እንዲቀዱ ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዲያውም ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ከለለላቸው። ሕጉ አንድ ነበር፦ ተለዋወጡ፣ አትሽጡ። ባንዱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ኮንሰርት ለአሥርት ዓመታት በአድናቂ እጅ በካሴት ሲገለበጥ ኖሮ፣ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ካላቸው ድምፆች መዝገብ ገብቷል። በአልበም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በሕይወት ያቆየው የአድናቂ ፍቅር ነው።

እኛ ጋስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙ የመድረክ ሥራውን የማስቀዳትና የማባዛት መብት የራሱ እንደሆነ ይደነግጋል። ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ በካሴት ገልባጭ ስንት ጊዜ ተዘርፏል። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ለደንበኛ ከሚጭነው ውስጥ እነዚህን ቅጂዎች አይጨምርም። «ይሄ የሚሸጥ አይደለም» ይላል። ግን ያልተሸጠም ቢሆን ያልተፈቀደ ነው፤ ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል።

መልሱን ያገኘው ከሕግ መጽሐፍ አይደለም። ቀይ አፈር ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ነው። በና፣ ፀማይ፣ ሐመር ይወርዳል። አንድ ሐሙስ አንድ የበና ወጣት ስልኩ ላይ ያለውን ድምፅ ወደ ጓደኛው ሚሞሪ እንዲያዛውርለት ወደ ሱቁ መጣ። ማታ በጭፈራ ላይ የተቀዳ የወንድ ድምፅ ነው፤ ስለ በሬው የሚዘፍን። ጭብጨባ አለበት፣ የእግር ድምፅ አለበት፣ ሩቅ የውሻ ጩኸት አለበት። ጠጋኙ ጆሮው ቆመ። ዓመታት ሙሉ ከባሕር ዳር ሲፈልገው የኖረው ዓይነት ቅጂ በእጁ ላይ ነው።

«ለእኔም ላስቀረው?» አለው።

«የእኔ አይደለም። ዘፋኙ እዚያ ገበያ ውስጥ አለ፣ እሱን ጠይቀው» አለ ልጁ።

ቱሪስት በቀይ አፈር ገበያ ካሜራ ሲያነሳ «ክፈል» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ልመና ያየዋል፤ የተበላሸ ባህል ነው ብሎ የሚጽፍም አለ። ነገሩ ግን ሌላም ትርጉም አለው፦ መልኬ የእኔ ነው፣ ድምፄ የእኔ ነው፣ ልትወስደው ከፈለግህ መጀመሪያ አነጋግረኝ። አዋጁ በአንቀጽ የጻፈውን የበናው ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

ሌላም የሚቆጨው ነገር አለ። የሐመርን ዘፈንና ወግ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየቀዱ ያስቀመጡት ጀርመናዊው የሰብአዊ ሳይንስ ተመራማሪ ኢቮ ስትሬከርና ባለቤታቸው ጂን ላይዳል ናቸው። ጂንካ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የጥናት ማዕከልና ሙዚየምም ከእነሱ ጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ምስጋና ይገባቸዋል። ግን በቀይ አፈር የሚኖር፣ ጆሮ ያለው፣ ደብተር የሚይዝ ሰው የሩቁን ስታዲየም ጩኸት ሲሰበስብ የደጁን ዘፈን ሳይሰማ ዓመታት ማለፋቸው የእሱ ብቻ ጉድለት አይደለም። ራዲዮኑም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ትምህርት ቤቱም «ሙዚቃ» ሲሉ የነገሩን ከመሐል አገር መድረክ የሚወጣውን ነው። የቀረው «የባህል ጭፈራ» ተብሎ ለበዓል ቀን ይጠራል፤ ያውም የዘፋኙ ስም ሳይጠቀስ።

ምን ይደረግ? ሙዚቀኞቻችን አድናቂ የቀዳውን በሙሉ እንደ ሌብነት ከማየት ይልቅ «ተለዋወጡ፣ አትሽጡ» ብለው በግልጽ ቢፈቅዱ የሚጎድልባቸው የለም። ቤተ መዛግብት ከወረቀት አልፎ ከግለሰብ ስልክ ድምፅ የሚረከብበት መንገድ ሊያበጅ ይገባል። ስልክ ያለው ሁሉ ደግሞ ከቀዳ በኋላ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ማን ዘፈነ፣ የት፣ መቼ። ስም የሌለው ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላ የማንም አይደለም።

ቀይ አፈር ያለው ደብተር አሁን ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የአንድ ሰው ስም ብቻ አለ። ሁለተኛው ገና ጥቂት ገጽ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ግን የዘፋኙ ስም፣ የበሬው ስም፣ ከጎኑም «ጠይቄ ፈቅዷል» የሚል ተጽፏል።