የአክሲዮን ዓመቴ

ፈረስ ቤት፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016
የባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ተዘጋ። እኔም በደብተሬ የመጪውን ዓመት ግብ አሰፈርሁ፦ ከደመወዜ ቆጥቤ አምስት የባንክ አክሲዮን መጨመር፣ የትርፍ ድርሻዬን መልሼ አክሲዮን መግዛት፣ ለቀለብና ለልጆች ትምህርት የተቀመጠውን አለመንካት። ሦስተኛውን ያስጻፈችኝ ባለቤቴ ናት፤ እውነቷን ነው። አክሲዮን በቸገረ ቀን እንደ በግ ገበያ ወስደው አይሸጡትም።

ጥቅምት 21 ቀን 2017
ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ወርጄ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን በቴሌብር ገዛሁ። ሽያጩ የተጀመረው ጥቅምት 6 ነው፤ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ለሕዝብ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የኩባንያው 10 በመቶ ነው። የትርፍ ድርሻ ዘንድሮ አልጠበቅሁም። ያለኝ አክሲዮን ሁሉ የባንክ ስለሆነ፣ የባንኮች ትርፍ በቀነሰ ዓመት ሌላ መደገፊያ እንዲኖረኝ ብዬ ነው።

ኅዳር 29 ቀን 2017
አክሲዮን የገዛሁበት ባንክ ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ አካሄደ፤ የእህቴ ልጅ በውክልና ገባልኝ። የትርፍ ድርሻው 18 በመቶ እንዲሆን ጸደቀ። ባለ 1,000 ብር 40 አክሲዮን አለኝ፤ 7,200 ብር ደረሰኝ፣ 10 በመቶ ግብር ሲቀነስ 6,480 ብር። ብሔራዊ ባንክ እስከ ሰኔ 2018 የባንኮች የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ስላዘዘ፣ ባንኩ ድርሻችንን ወደ ካፒታል እንድናዞር ጠየቀ። ተስማማሁ፤ ስድስት አክሲዮን ጨመርሁ።

ማታ ጎረቤቴ፣ «መምህር፣ ያ ወረቀት ዘንድሮ ስንት ወለደ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይህ እንደ ቁጠባ ወለድ በየወሩ አይታሰብም፤ ባንኩ ካተረፈና ጉባኤው ከወሰነ ብቻ ነው» አልኋቸው። «እንግዲያ ከባለቤቱ ጋር አብረህ ታርሳለህ በለኛ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም።

ጥር 5 ቀን 2017
የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም ቀድሞ ተመዘገበ። እስካሁን አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ገዢ የሚፈልገው በሰው በሰው ነበር። ዋጋው በግልጽ የሚታይ ከሆነ፣ ከከተማ ርቆ ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ባለአክሲዮን ትልቅ ነገር ነው።

ጳጉሜን 3 ቀን 2017
ዓመቱን መዘንሁት። ከደመወዜ የጨመርሁት ሦስት አክሲዮን ነው፤ የብር ምንዛሬ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዝ ከቀለብ አልፎ ብዙ አይተርፍም። የቀሩት ሁለት ግቦች ሞልተዋል። አክሲዮኔ 49 ደረሰ፤ የቴሌው ለብቻው ነው።

ቁጥሩ መብዛቱ ግን ብቻውን አያስደስተኝም። ሁላችንም ድርሻችንን ወደ ካፒታል ስናዞር ትርፉን የሚካፈለው አክሲዮን ይበዛል፤ ትርፉ በዚያው ልክ ካላደገ የአንዱ ድርሻ ይሳሳል። 18 በመቶውም የሚታሰበው በ1,000 ብሩ ላይ ነው፤ ያ 1,000 ብር ከዓመታት በፊት ይገዛ የነበረውን ዛሬ አይገዛም።

ስለዚህ የ2018 የመጀመሪያ ግቤ ከገንዘብ በፊት ንባብ ነው። የባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ሲወጣ በአንድ አክሲዮን የተገኘውን ትርፍና የተበላሸ ብድሩን ከአምናው ጋር አስተያያለሁ፤ የትርፍ ድርሻዬን መልሼ ማስገባቴን ወይም መቀበሌን የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው። የባለቤቴ ግብ እንዳለ ይቀጥላል፤ እንዲያውም ወደ አንደኛ ተራ ወጥቷል።