ጀልባ ስትገዙ ሶፋውን ሳይሆን ሰሌዳውን እዩ

እኛ ሐበሾች ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ለመኪና ይሁን ብለን እንለፈው። ለጀልባ ግን አይሆንም።

እዚህ ሚኒሶታ፣ «የ10 ሺህ ሐይቆች ምድር» በሚባለው ግዛት፣ በጋው አጭር ነው። ቤተሰብ ይዞ ውሃ ላይ ለመዋል ብዙ ሰው የሚመርጠው ፖንቱን ነው፦ በሁለት ረጃጅም የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የተነጠፈ ወለል፣ ዙሪያውን ሶፋ፣ ከላይ ጥላ፣ ከኋላ ሞተር። ጅማሬውም ከዚሁ ግዛት ነው፤ አምብሮስ ዊርስ የተባለ የሪችመንድ ሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ የእንጨት መድረክ በብረት በርሜሎች ላይ አስሮ ሐይቅ ላይ አወጣው።

እኔና ባለቤቴ ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አየን። አንደኛው 18 ጫማ ነው። ሶፋው አዲስ፣ ምንጣፉ አዲስ፣ ድምፅ ማጉያው ሠርግ ያደምቃል። ልጆቹ ወዲያው ወደዱት። ሁለተኛው 22 ጫማ ሲሆን ሶፋው ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሙ ፀሐይ በልቶታል፤ ዋጋው ግን በ2,500 ዶላር ይቀንሳል።

መካኒክ ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው ሞተር ገና ሳንነካው ሞቆ ነበር። ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ ገዢ እንዳያይ የሚፈልግ ሻጭ እንዲህ ያደርጋል። ከአዲሱ ምንጣፍ ሥር ኮምፔንሳቶው በተረከዝ ሲረገጥ ይሰረጉዳል። የሁለተኛው ሞተር ባለ አራት ምት ነው፤ የሠራበት ሰዓትና የጥገናው ደረሰኝ በሙሉ ተቀምጧል፤ ቱቦዎቹም ውሃ አልቋጠሩም።

ለእኔ የወሰነው ግን መሪው አጠገብ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ናት። ጀልባው ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደሚችል የምትናገረው እሷ ናት። የመጀመሪያው 8 ሰው ይላል፤ ሁለተኛው 11። እኛ ቤት አማቴን ጨምሮ 7 ነን። ሒሳቡ የሚበቃ ይመስላል አይደል? እስቲ አስቡት፦ ቅዳሜ ረፋድ፣ ዶሮ ወጡ ተጭኗል፣ ጎረቤት ከሁለት ልጆቹ ጋር መጣ። «ሞልቷል፣ ተመለሱ» የሚል ሐበሻ ማን ነው? «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንላለን እንጂ። ሚኒባስ ውስጥ ጠጋ ማለት ወገብ ያሳምማል፤ ጀልባ ላይ ግን ሰው ይገድላል። ከልክ በላይ የተጫነ ፖንቱን፣ ሁሉም ፎቶ ለመነሳት ወደ ፊት ሲሰበሰብ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይገባል።

ከመካከላችን ስንቶቻችን ዋና እንችላለን? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አባቶቻችን በከንቱ አይደለም። የሚኒሶታ ሕግ ጀልባ ሲጓዝ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሕይወት አድን ጃኬት እንዲለብሱ ያስገድዳል። እናት ዋና ካልቻለች ግን ለእሷም ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ገዛን። በተረፈው ገንዘብ ለሁሉም በየልኩ ጃኬት፣ ለባለቤቴና ለልጆቹ የዋና ትምህርት ከፈልን። ሶፋው እንደተሰነጠቀ ነው፤ ብርድ ልብስ አንጥፈንበታል።

የቤታችን ደንብ አንድ ነው፦ 12ኛው ሰው የአጎቴ ልጅም ቢሆን ዳር ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ቢቀየመኝም ቡና አፍልቼ እታረቀዋለሁ።