ባለ እጁና ምንሽሯ

አያቴ አንዲት ምንሽር ነበረችው። ከበሬውም ከበቅሎውም አብልጦ ይወዳት ነበር። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ግን ዓመሏን ለወጠች። ከወንዙ ማዶ ያለውን ነጭ ድንጋይ ሲያነጣጥር ጥይቷ ሁልጊዜ በስተግራ አፈር ታቦናለች።

«ዓይን በልቷታል» አለ አያቴ። የማን ዓይን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም። ከአቀስታ ገበያ ግርጌ የሚኖረውን ባለ እጅ ማለቱ ነው። በማግስቱ ግን ጠመንጃውን አንግቶ የሄደው እዚያው ባለ እጅ ደጅ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን እንደያዝኩ ተከተልኩት።

ባለ እጁ መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሷን አየ። ከዚያ ብረቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ «ና እይ» አለኝ። ውስጧ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ቦይ አለው። ጥይቷን የሚያሾራት እሱ ነው፤ እንዝርት መሾሩን ሲተው እንደሚወድቅ፣ ጥይትም ካልሾረች ትንገዳገዳለች። ቀጥሎ የአፈሙዟን ከንፈር ዙሪያውን በጥፍሩ ዳሰሰ። ጥይቷ በመጨረሻ የምትነካው እሱን ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ያለች አንዲት ጭረት መንገድ ታስታታለች አለን። ጭረት አልነበረም።

በመጨረሻ ከደብተሬ አንድ ቅጠል ለምኖኝ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሊያሳልፈው ሞከረ። ወረቀቱ መንገድ ላይ ተያዘ።

«ይኸው ዓይኑ» አለ ፈገግ ብሎ። «እንጨቱ የክረምቱን ጉም ጠጥቶ አብጧል፤ ብረቱን እየገፋው ነው።»

በጠርሙስ ስባሪ እንጨቱን ፋቀው ፋቀው፣ ወረቀቱ ከዳር እዳር እስኪያልፍ። ሲተኩሱባት አሁንም ለጥቂት ወደ ግራ ሳተች። «የማነጣጠሪያዋን ጥርስ ወደ ቀኝ ግፋት እንጂ!» አለ አያቴ። «አይ አንቱ፣ የፊተኛዋን ጥርስ ጥይቷ ወደ ሳተችበት ነው የሚገፏት» አለና በመዳብ ቁራጭ ወደ ግራ መታ መታ አደረጋት። የሚቀጥለው ጥይት ድንጋዩን መታ።

ዛሬ ባሕር ማዶ በተኳሹ ክንድና ትከሻ ልክ ጠመንጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። እነሱም ብረቱ እንጨቱን እንዳይነካ ክፍተት ይተዋሉ፤ የሚፈትሹትም በወረቀት ነው። ልካቸው ከአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛው ነው፤ በ100 ሜትር ላይ 3 ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የኛ ባለ እጅ መለኪያው ጥፍሩና የኔ ደብተር ነበር።

ሚስቱ ቡና አቀረበች። «መሸብን» አለ አያቴ። ገና ቀትር ነበር። እኔም ሲኒውን ገፋሁት።

የባለ እጁ ልጅ ከኔ ጋር ይማር ነበር። «ቡዳ» እያልን ስንጠራው ከርመን፣ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተወ። «ስንጠራው» ካልኩ እኔም አለሁበት።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ መቅደላ ሳነብ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። መቅደላ ከኛ አገር በስተሰሜን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ዛሬም እዚያው አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ሜዳ ላይ የፈረደው ግን መጠን አልነበረም። የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናይደር ፍጹም አዲስ ጠመንጃ እንኳ አልነበረም፤ ከአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከኋላው ከፍተው ያሻሻሉት ነው። በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩሳል። የኛዎቹ ባሩድና እርሳስ ባፈሙዝ ሲጠቀጥቁ፣ እሱ ተኩሶ ደግሞ ይጎርሳል። በዚያ ቀን ከኛ ወገን ብዙ መቶዎች ሲወድቁ፣ ከእንግሊዞቹ በቁስላቸው የሞቱት ሁለት ናቸው።

እንግዲህ ስናይደር የማን ሥራ ነው? አሮጌ ብረት ተቀብሎ ጉድለቱን ያየ የጠጋኝ ሥራ ነው። ያ ጠጋኝ አቀስታ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ቡናውን አንጠጣለትም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ባለ እጅ ፍለጋ ባሕር ማዶ ድረስ ጽፈዋል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎት እኛ ትምህርት ቤት ግቢ አልደረሰም። ጠመንጃውን እንፎክርበታለን፣ ያቃናውን እጅ እንጸየፋለን።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስገባ ወደዚያ ደጅ ሄድኩ። ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ይቅርታ ልል ፈልጌ አፌ ተያዘ።

«ውሃ ይስጡኝ» አልኳቸው። አንቱ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው።

በቅል ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአያቴን ስም ነገርኳቸው።

«ያች ምንሽርስ? አሁንም ወደ ግራ ትስታለች?»

«የለችም፤ አያቴም አርፏል።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው «ቡና አፍሊ!» ብለው ተጣሩ። ገና ቀትር ነበር፤ ተቀመጥኩ። የልጃቸውን ነገር ግን እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።