መዳቡ አቅም አላነሰውም
ከቤታችን ግድግዳ ተነስቶ እስከ ስልክ ማዕከሉ የሚደርሰው ጥንድ የመዳብ ሽቦ የተዘረጋው ለሰው ድምፅ ነበር። ዛሬ በዚሁ ሽቦ ፊልም እናያለን፣ ባሕር ማዶ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። ይህ እስካሁን ይደንቀኛል። ሽቦው ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ ሽቦው ያለን እውቀት ነው።

ስልክ ድምፃችንን የሚያደርሰው ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ባለው ጠባብ ክልል ነው። ዳያል አፕ ሞደም እዚያው ታጥሮ ስለሚሠራ በሰከንድ ከ56 ኪሎቢት አላለፈም። አጥሩን ያጠረው ግን መዳቡ ሳይሆን የስልክ ማዕከሉ መሣሪያ ነው። ኤዲኤስኤል የተባለው ቴክኖሎጂ ታችኛውን ክልል ለድምፅ ትቶ እስከ 1.1 ሜጋሄርትዝ ያለውን ሰፊ ቦታ ለኢንተርኔት ተጠቀመበት። ስልኩ ላይ የምትሰካው ትንሽ ፊልተር ሥራዋ ሁለቱን መለየት ነው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ፣ ርቀቱም በጨመረ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል። በአንድ ኬብል የታሰሩ የጎረቤት መስመሮችም እርስ በርስ ይረባበሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቤልኮር በተባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ሌክላይደር አንድ መላ አመጣ፦ ወደ ቤት የሚመጣውን ፈጣን፣ ከቤት የሚወጣውን ዝግ ያለ ብናደርገው ረብሻው ይቀንሳል አለ። ዳውንሎድ ከአፕሎድ የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

የስታንፎርዱ ጆን ቺዮፊና ባልደረቦቹ ደግሞ ክልሉን 256 ቦታ ከፋፍሎ የሚጠቀም ዘዴ ለሥራ አበቁ። ሞደሙ ሲበራ የዲኤስኤል መብራት ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም ትላለች። በዚያ ሰዓት ሞደሙና ማዕከሉ እያንዳንዱን ክፍል እየለኩ ነው። ገበሬ የማሳውን አፈር አይቶ ለሙን አብዝቶ እንደሚዘራበት፣ ጭንጫውን ደግሞ እንደሚያልፈው ሁሉ፣ ንጹሕ ክፍል በአንድ ጊዜ እስከ 15 ቢት ይሰጠዋል፣ ረብሻ የበዛበት ሁለት ወይም ሦስት፣ የማይሆነው ባዶውን ይቀራል። ይህ የቢት ጭነት በሰከንድ 4,000 ጊዜ ይላካል። አንድ ጥሩ ክፍል ብቻውን 60 ኪሎቢት ተሸከመ ማለት ነው፤ ከድሮው ሞደም ሙሉ አቅም በላይ! በኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል2+ ክልሉን እጥፍ አድርጎ ለማዕከሉ ቅርብ ለሆነ ቤት እስከ 24 ሜጋቢት አደረሰ።

እኔን የሚያስደስተኝ እነዚህ ሰዎች ሽቦውን አርጅቷል ብለው ከመተዋቸው በፊት መለካታቸው ነው። ፋይበር የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም፣ ይምጣልንም። እስከዚያው ግን ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ወደ ማማረር ከመሄዳችን በፊት የሞደሙን ገጽ እንክፈት። ሲግናሉ ምን ያህል እንደደከመና ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ እዚያ በቁጥር ተጽፏል። ቴክኒሻን ሲመጣም ቁጥሮቹን እናሳየው፣ መጋጠሚያዎቹንም አብረን እንፈትሽ። የዛገች አንዲት መጋጠሚያ መለወጥ ብቻ ብዙ ፍጥነት ሊመልስ ይችላል።