ከአንድ ብር ጀርባ ያለው ውኃ

ደምቢያ ላይ ውኃ አይወድቅም፤ ይተኛል። ክረምት በገባ ቁጥር ድርማ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ማሳው ላይ ይነጠፋል፤ መገጭም ጣና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሜዳውን ያለብሰዋል። መረሬው አፈር የያዘውን ቶሎ አይለቅም። በቆላ ድባ ያደገ ልጅ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ጭቃ መሻገርን ከፊደል እኩል ይማራል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ወባ ይገባል። አያቴ «ውኃ ከተኛ ሰው ያስተኛል» ትል ነበር። ሽምብራውና ጓያው የሚበቅለው ያው ውኃ ሲሸሽ በተወው እርጥበት ስለሆነ ግን አንድም ቀን ስትረግመው አልሰማሁም።

ከከፍታ የሚወርድ ውኃ ያየሁት መጀመሪያ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነው። ጨው ወይም ክብሪት ግዛ ተብዬ ስላክ፣ ሱቁ እስክደርስ ብሩን ገልብጬ አያለሁ። ወፎች አሉ፤ ከወፎቹ ጋር ደግሞ ከገደል ላይ የተሰጣ ነጠላ የሚመስል ነገር አለ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መሆኑን አስተማሪያችን ነግሮናል። በዓይኔ ያየሁት ውኃ ሁሉ ጠፍጣፋ ስለነበር ግን ነገሩ አይገባኝም ነበር። ሙሉ ወንዝ እንዴት ይወድቃል? ከወደቀስ በኋላ እንዴት ተነሥቶ ይሄዳል?

የእናቴ ወንድም ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለእንቁጣጣሽ መጥቶ ሊመለስ ሲል፣ «እታለም፣ ይህን ልጅ ስጪኝና ትምህርት ቤት እስኪከፈት አገር አይቶ ይምጣ» አላት እናቴን። «ምን አገር ነው የሚያየው? እዚሁ ከብቱን ይጠብቅ እንጂ» አለችው። አጎቴ መልስ አልሰጣትም። ከኪሱ ያረጀ አንድ ብር አወጣና ገልብጦ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። እናቴ ሳቀች። መሄዴ በሳቋ ተፈቀደ።

ያኔ ከእኛ አገር ባሕር ዳር ለመድረስ የሐይቁ መንገድ ነበር። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን በጯሂት በኩል ጎርጎራ ወረድን። ከዚያ ጣናነሽ የምትባለው ጀልባ እህሉንም፣ ፍየሉንም፣ ሰዉንም ጭና ደልጊን ነክታ ቁንዝላ ታድራለች፤ በማግስቱ በደቅና በዘጌ በኩል ባሕር ዳር ትገባለች። ሐይቁን ደጋግሜ ባየውም እንዲህ ማዶው የጠፋበት ቦታ ደርሼ አላውቅም ነበር። ከጀልባው ጉዞ ብዙው ተረስቶኛል። የቁንዝላን ሌሊት ግን አልረሳውም፤ በአጎቴ ጋቢ ተጠቅልዬ የሐይቁ ውኃ የጀልባውን ጎን ሲመታ እየሰማሁ አደርኩ።

ጢስ ዓባይ ከተማ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድን። ከመኪና ስወርድ ዓይኔ ፏፏቴውን ፈለገ፤ የለም። ቆርቆሮ ቤቶች፣ ሾላ ዛፎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ገበያ የሚወርዱ አህዮች፤ ይኸው ነው። ይህን የመሰለ ትልቅ ነገር ቅርብ ሆኖ አለመታየቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከሸለቆው ውስጥ ተደብቋል፤ ራሱን የሚገልጠው በእግሩ ለሚሄድ ብቻ ነው።

ቁልቁለቱን ይዘን ወደ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ወረድን። ሰዉ የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል፤ የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። እኒሁ ንጉሥ በእኛ በኩል፣ ጎርጎራ ላይ፣ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ናቸውና ከአንዱ የእሳቸው ሥራ ተነሥቼ ወደ ሌላው መድረሴን ያወቅሁት በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ያን ቀን ያየሁት ድንጋዩን ነበር። የአህያ ኮቴና የሰው እግር መሐሉን ሞርዶት፣ ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ብሎ ያበራል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። ጤፍ የጫነች አህያ የምትነዳ ሴት «ልጄ፣ ከመንገድ ዞር በል» አለችኝና አለፈች። ከሥር ዓባይ በጠባቡ ገደል ውስጥ ተጨንቆ ያልፋል።

ዳገቱን ወጥተን መንደሮቹን ስናልፍ አጎቴ ቆም አለና «ስማ» አለኝ። እኔ ደመናውን አየሁ፤ ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር። ነጎድጓድ ግን ያቆማል፤ ይህ አያቆምም። ወደፊት በሄድን ቁጥር ድምፁ ከጆሮዬ ወደ ደረቴ ወረደ። ከዚያ አንድ ጉብታ ዞርንና ማዶው በሙሉ ውኃ ሆነ።

እንዲህ ነው ብሎ መናገር ይቸግረኛል። ወርዱ ክረምት ሲሞላ 400 ሜትር እንደሚደርስ፣ ቁመቱም 40 ሜትር ገደማ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ያወቅሁት ግን ዓይኔ ከዳር እስከ ዳር ሊጨርሰው አለመቻሉን ነው። ጢሱ ከሥር ይነሣል፤ ጢስ ዓባይ፣ ጢስ እሳት ያሰኘው እሱ ነው። በጢሱ ውስጥ የማርያም መቀነት ተሠርታ ቆማ ነበር። አጎቴ ብሩን አውጥቶ ከፊቴ ዘረጋው፤ እኔም አንዴ ብሩን፣ አንዴ ማዶውን አያለሁ።

«ወፎቹስ?» አልኩት።

«ከገደሉ ሥር እያቸው» አለኝ። እውነትም ትናንሽ ወፎች ጢሱን እየሰነጠቁ ይገቡና ይወጡ ነበር። ያን ጊዜ ነው ብሩን ያመንኩት።

ብዙ ሰው ከዚያ ጉብታ ላይ አይቶ ይመለሳል። አጎቴ ግን «እስከ እግሩ ሳንደርስ አንመለስም» አለ። ለዚያ አላታ የሚባለውን ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል። ዛሬ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል፤ ያኔ ግን በእግር ነበር። አንድ የአካባቢው ወጣት በዱላ ጥልቀቱን እየለካ ከፊት ቀደመ። አጎቴ ጣቴን ሳይሆን የእጄን አንጓ ጨምድዶ ያዘ። የድርማን ዝግ ያለ ውኃ የለመደ እግሬ በአላታ ጉልበት ደነገጠ፤ ከሥሬ ጠጠሩ ሲሸሽ ይሰማኛል። ማዶ ስንደርስ ወጣቱ «ጎበዝ! የቆላ ልጅ ውኃ አይፈራም» አለኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ ኮርቼበት አለሁ።

ከፏፏቴው ግርጌ መነጋገር አይቻልም። ካፊያው ሸሚዛችንን አጣበቀው፤ ሣሩ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የሚዘንብለት ይመስል ጥቅጥቅ ያለና አረንጓዴ ነው። መሬቱ በባዶ እግሬ ሥር ይርገበገባል። ፈቀቅ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና የአጎቴ ሚስት የቋጠረችልንን ዳቦ በላን። ውኃው ቡናማ ነበር። አጎቴ አፉን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ፣ «ይህ ውኃ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የእናንተ ነው። የመገጭ፣ የድርማ። ደምቢያ የተኛው ተነሥቶ እዚህ ይወድቃል» አለኝ።

አጎቴ ልክ ነበር፤ በአንድ ነገር ብቻ ላርመው። የእኛ ወንዞች የሚያመጡት ጭቃ አብዛኛው ጣና ውስጥ ይቀራል። ፏፏቴውን የሚያደፈርሰው ይልቁን ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ የሚቀላቀለው እንደ አንዳሳ ያለ ወንዝ ነው። ውኃው ግን የእኛም ነው። ያን ቀን በልጅነት ጭንቅላቴ የተፈታልኝ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። እየረገጥኩት ያደግሁት፣ ወባ የሚያመጣብን፣ ሽምብራችንን የሚያበቅልልን ውኃ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ አየሁ።

ሲመሽ ከፏፏቴው በላይ፣ ዓባይ ሰፍቶ ዝም በሚልበት በኩል፣ በደንገል ታንኳ ተሻግረን ወደ ከተማው ገባን። በታንኳው ላይ ሳለን አጎቴ ውኃው ሲጎድል ሰው ከፏፏቴው መጋረጃ በስተጀርባ ገብቶ መቀመጥ ይችላል ብሎ አወራኝ። ዓመታት አልፈው ስለዚሁ ነገር የተነሣ ክርክር አነበብኩ። በ17ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከወራጁ ውኃ በስተጀርባ ተቀምጬ ነበር ብሎ ጻፈ፤ በ1770 እ.ኤ.አ. ፏፏቴውን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይህ የማይሆን ነው ብሎ ውሸታም አደረገው። እኔ በሎቦ ወገን ነኝ። የአንድ ወር ውኃ ያየ ሰው የሌላውን ወር ውኃ ያየውን ሊያስተባብል አይገባም።

አገሬ ስመለስ አያቴ ሁሉንም ካስወራችኝ በኋላ «ወድቆስ አይሞትም?» አለችኝ። «አይሞትም፣ ይሄዳል» አልኳት። «ወዴት?» ስትል ግን ሱዳንና ግብፅ ማለቱ አልበቃት ብሎ ሠፈሩን ሁሉ አንድ በአንድ ልታስቆጥረኝ ፈለገች።

አጎቴ የሚሠራበት ፋብሪካ የሚንቀሳቀሰው ከዚያው ፏፏቴ በሚመነጭ መብራት ነበር። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለነበር የፏፏቴው መልክ አልተጎዳም። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ሲጨመር ግን ውኃው ከገደሉ ይልቅ ወደ ቦዩ ሄደ። ከዚያ በኋላ በበጋ ሄጄ ማዶውን ስመለከት ጥቁሩ ገደል ተገልጦ፣ በአንድ ጥግ ብቻ ቀጭን ውኃ ሲወርድ አየሁ። ማዘኔን አልደብቅም፤ የታመመ ዘመድ ጠይቄ የተመለስኩ ያህል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ሥራ ጀመረ። እሱ ውኃውን የሚወስደው በልጅነቴ ካደርኩባት ከቁንዝላ አካባቢ ሲሆን፣ 12 ኪሎ ሜትር በሚያህል ዋሻ አሳልፎ በበለስ በኩል ይሰደዋል።

መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው በጨለማ አላጠናም፤ እኔ አጥንቻለሁ። ፏፏቴው ግን ከመብራቱ የተረፈው ብቻ የሚደርሰው መሆን የለበትም። ለእሱ የሚለቀቀው ውኃ በቀንና በመጠን ተወስኖ፣ የጢስ ዓባይ ሰዎችም እንግዳውን መቼ ኑ እንደሚሉት አውቀው ቢኖሩ እመኛለሁ። እስከዚያው፣ ልጆች ያሏችሁ የቆላ ድባና የጎርጎራ ሰዎች በመስከረም ይዛችኋቸው ሂዱ። ከከተማው በጀልባ የሚያሻግረው አጭር መንገድ ይቅርባችሁ፤ ስትመለሱ ይደርሳል። ስትሄዱ በድንጋዩ ድልድይ ግቡ፣ ከጉብታው አትመለሱ፣ አላታን ተሻግራችሁ እስከ እግሩ ውረዱ። ቅያሬ ልብስም ያዙ፤ አንድም ሰው ደረቁን አይመለስም።