ሦስት ዘፈን

ሌጎስ ላይ መጀመሪያ ያሸነፈኝ ሙዚቃው ሳይሆን ወበቁ ነው። ኢኬጃ ካለው ማረፊያዬ፣ እንደ በረዶ ከሚቀዘቅዘው ክፍል ካሜራዬን አንግቼ ስወጣ ሌንሱ ወዲያው አላበው። ብወለውለው መልሶ ያልበዋል። እኛ አገር ካሜራ የሚፈራው አቧራ ነው፤ ጤዛን ማን አስቦት! መስታወቱ ከውጪው አየር ጋር እስኪላመድ ድረስ በር ላይ ተገትሬ ዳንፎ የሚሏቸውን ቢጫ ሚኒባሶች ስቆጥር ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከማግስቱ ጀምሮ ቦርሳዬን አስቀድሜ በረንዳ ላይ ማውጣት ለመድኩ።

ቀን ላይ ካላኩታ ሙዚየም ደርሼ ነበር። ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1977 ያቃጠሉት ቤት ሳይሆን የአፍሮቢት ሙዚቃ አባት ፌላ ኩቲ ከዚያ በኋላ የኖረበት ነው፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ጫማዎቹ ተደርድረዋል፣ የውስጥ ሱሪዎቹ እንኳ ለዕይታ ወጥተዋል። እንግዳ በውስጥ ሱሪ ይቀበል ለነበረ ሰው እሱም እንደ ካባ ቢቆጠር አይገርምም። ብዙ አላነሳሁም። የሙዚየም ፎቶ ለኔ የቀዘቀዘ ወጥ ነው።

የመጣሁት ለማታው ነው። ኒው አፍሪካ ሽራይን የሚሉት የሙዚቃ ቤት ከውጪ ሲያዩት ሰፊ መጋዘን ይመስላል። ፌላ ራሱ አልተጫወተበትም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ካረፈ በኋላ ልጆቹ ፌሚና ዬኒ አሠርተው በ2000 የከፈቱት ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። የፌሚ ባንድ ሕዝብ ፊት ይለማመዳል፣ መግቢያ አይከፈልም። ልምምድ ይበሉት እንጂ ላቡ የልምምድ አይደለም።

መድረኩን ያጥለቀለቀው ቀይ መብራት ነው። ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝንልኛል። ካሜራ ከአራት የብርሃን ነጥቦቹ ቀይን እንድታነብ የተመደበችው አንዷ ብቻ ናት፤ በቀይ መብራት ሥር ሦስቱ ሥራ ይፈታሉ፣ አንዷ ደግሞ ሞልታ ትፈሳለች። ያኔ የሰው ፊት እንደ ቀለጠ ሰም ለጥ ይላል። እኔ አጨልሜ አነሳና በኋላ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ። ፍላሽ አላወጣሁም። ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ፍላሽ ሳበራ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ በመብረቅ መስሎ በግጥም ሸነቆጠኝ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ፍላሼን ቤት ጥዬ ነው የምወጣው።

በአውሮፓ ትልልቅ መድረኮች ለፎቶ አንሺ የሚፈቀድለት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አፍሮቢት ላይ ይህ ደንብ ያስቃል። ፌላ አንዱን ዘፈን የሸክላውን ሙሉ ገጽ ያስይዘው ነበር፤ ሦስት ዘፈን ማለት እዚህ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ልማዴን ይዤ በመጀመሪያው ዘፈን ብቻ ሁለት መቶ ጊዜ ተኮስኩ። ሁሉም ፌሚ ነው። ፌሚ ሲዘል፣ ፌሚ ሲነፋ፣ ፌሚ ጣቱን ሲቀስር። መለስ ብዬ ሳያቸው ከዚህ በፊት ያየኋቸው የሌሎች ሰዎች ፎቶዎች ናቸው። ፌሚ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚሁ ቤት፣ በአፍንጫው አየር እየሳበ በጉንጩ ያጠራቀመውን እየገፋ፣ አንዲት ድምፅ በሳክስፎን ለ51 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ይዟል። እኔ ይዤ የቆምኩት 1/250 ሰከንድ ነው። ፎቶው ላይ የሚቀረው ጉንጩን የነፋ ሰውዬ ብቻ!

ከመድረኩ ወዲያና ወዲህ ከፍ ባሉ የብረት ሳጥኖች ሴቶች ይጨፍራሉ። የእነሱን ወገብ ማንሳት ቀላል ነው፤ ከዚህ ቤት የሚወጣው ፎቶ አብዛኛው እሱ ስለሆነ ተውኩት።

ካሜራውን አውርጄ መስማት ጀመርኩ። ጊታሩ ያችኑ አጭር ሐረግ ይመላለስባታል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይገቡና ይወጣሉ። ከኋላ አንድ ሰውዬ ዶቃ የተሰካካበት መረብ የለበሰ ቅል ይዟል፤ ሸከሬ ይሉታል። ሳክስፎኑ ሲጮህ አያየውም፣ ሕዝቡ ሲጮህ አያየውም። እጁ ግን ለአንዲት ቅጽበት ቢዘገይ ቤቱ በሙሉ የሚደናቀፍ መሰለኝ። ሻተሩን ወደ 1/30 አወረድኩና ወደሱ ሄድኩ። ቅሉ ይደብዝዝ፣ ፊቱ ይቁም ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ። ችኮላ የለበትም፣ ዘፈኑ ያው ነው፤ ያመለጠኝ እጅ ተመልሶ ይመጣል።

መሐል ላይ አንድ እጅ ሌንሴ ፊት ተዘረጋ። ከመድረኩ ጥግ ቆሞ የሚያጨስ ጎልማሳ ነው። «ኦጋ፣ እኔን ስናፕ እንዳታደርገኝ» አለ በትሕትና። ኦጋ አለቃ ማለት ነው፤ ፎቶ ማንሳት ደግሞ እዚህ ስናፕ ነው። «አላነሳህም፣ ወንድሜ» አልኩት። ፈገግ ብሎ ወደ ጭሱ ተመለሰ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማረፊያዬ ገብቼ ምስሎቹን አየሁ። ከስድስት መቶው አሥራ አንድ ተረፉ። አንዱ የምፈልገው ነው፤ ቅሉ እንደ ጉም ተበትኖ የሰውየው ዓይን ግን ቀጥ ብሏል። ከትከሻው ጀርባ፣ በጭሱ መሐል፣ ጎልማሳው ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል።

ጠርዙን ቆረጥኩት። ከቅሉ ግማሹ አብሮ ሄደ።